የከፈለው ተቆለፈበት፣ ያልከፈለው ይጫወታል

የእህቴ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪውን በጥሩ ውጤት ሲያልፍ፣ ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህታችን ላፕቶፕ ላከችለት። ባዶውን አልነበረም የላከችው። በራሷ ስም፣ በራሷ ካርድና በራሷ አድራሻ ከአንድ ትልቅ የጌም ሻጭ ኩባንያ አካውንት ከፍታ፣ ልጁ ሲመኛቸው የኖሩትን ጌሞች ገዝታና ጭና ነው በመንገደኛ የሰደደችው። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲመጣ «አክስቴ፣ ልብስ አትላኪልኝ፣ ጌም ግዢልኝ» ይላት ጀመር። አንዳንዱ ጌም ከ50 ጊጋ በላይ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል ነው የሚወርደው። መብራት ከሄደ ደግሞ በማግስቱ ሌሊት ይቀጥላል። እናቱ «ይሄ ልጅ ለትምህርቱ እንዲህ በነቃ» እያለች ብትቆጣም፣ ውጤቱ ስላልወረደ ትተወዋለች።

ባለፈው ክረምት አካውንቱ ተቆለፈ። ቀድሞ የመጣ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። እንደወትሮው ሲከፍተው «ያልተለመደ እንቅስቃሴ ስለታየ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣለት። እዚህ ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ጠጋኝ ስለሆንኩ ስልኩ መጀመሪያ የተደወለው ወደ እኔ ነው። ሄጄ አየሁት። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። ጌሞቹም ሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ፎልደሮቹን እየከፈትኩ ፋይሎቹን አይቻቸዋለሁ። ያ ሁሉ ሌሊት የወረደው እዚያው ተቀምጧል። የጠፋው መክፈቻው ብቻ ነው፤ መክፈቻው ደግሞ እኛ ቤት ኖሮ አያውቅም።

ውሳኔው የመጨረሻ ነው

ታላቅ እህታችን ከሥራ ስትገባ ከኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ጋር መጻጻፍ ጀመረች። ደረሰኞቿን ላከች፣ የካርዷን የመጨረሻ ቁጥሮች ላከች፣ መታወቂያዋን አንስታ ላከች። መልሱ ሁልጊዜ ጨዋ ነው። «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ከሥሩ በየጊዜው የተለያየ ሰው ስም አለ፣ የፊተኛውን ደብዳቤ ያነበበ ግን አንድም የለም። በመጨረሻ ረዘም ያለ ኢሜይል መጣና ወደ እኔ መራችው።

እሑድ ከሰዓት እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ ነው ያነበብኩላቸው። አካውንቱ የተመዘገበው አሜሪካ ነው ይላል። ጥቅም ላይ የዋለው ግን አገልግሎቱ በማይሰጥበት አገር ነው፤ ይህ ውሉን መጣስ ነው፤ ስለዚህ አካውንቱ ለዘለቄታው ተዘግቷል፤ ገንዘብ አይመለስም፤ ውሳኔው የመጨረሻ ነው፤ ለዚህ ኢሜይል የሚላክ መልስ አይነበብም።

እህቴ ሲኒዋን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ «ታዲያ ማንን ነው የምናናግረው?» አለች።

«ማንንም» አልኳት።

ያልገባኝ መሰላትና ደግማ ጠየቀችኝ። አይፈረድባትም። ሻጭ ሲበድል ሱቁ ድረስ ይኬዳል፣ የጎረቤት ነጋዴ ይሰማል፣ ካልሆነ ሽማግሌ ይገባል፣ ከዚያም አልፎ ቀበሌ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። በዳዩ ቢያንስ ፊት አለው። እሷ የምታውቀው ንግድ ሁሉ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ገንዘብሽን ተቀብሎ፣ ዕቃውን መልሶ ወስዶ፣ «ከእንግዲህ የምትይውን አላነብም» ብሎ በሩን ሊዘጋ እንደሚችል ላስረዳት ስሞክር ነገሩ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የማይታመን ሆነብኝ።

ልጁን ለኳስ ሊጠራው የመጣ ጓደኛው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ይሰማል። «እኛ ሰፈር ጌም ቤት ይሄው ጌም አለ እኮ» አለ። «ክራክ ነው፣ ቁልፉ የተሰበረ። እሱ አይቆለፍም።» በክፋት አላለውም፣ ሊረዳን ፈልጎ ነው። ያኔ ነው የእህቴ ልጅ ከላፕቶፑ ቀና ብሎ ያን ጥያቄ የጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ታዲያ የሚቀጣው የከፈለ ሰው ነው?»

እናቱም ተቀብላ «የሰውን ሁሉ ኮምፒውተር የምትጭን ሰው፣ ያን ክራክ የሚባለውን ለዚህ ልጅ ማድረግ ያቅትሃል?» አለችኝ።

አያቅተኝም። ቡናው እስኪበርድ ቢፈልጉ እዚያው ልጨርሰው እችል ነበር። «እስቲ ትንሽ ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። ልጁ የጠየቀው ስለ ጌም አልነበረም። እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሰው ነገር አትንካ፣ ከፈለግህ ከፍለህ ውሰድ እያለች ነው ያሳደገችው። አሁን በገዛ ዓይኑ ያየው ሌላ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ የከፈለችው አክስቱ ባዶ እጇን ቀረች፣ ሳይከፍል የጫነው ጌም ቤት ግን በሩን ከፍቶ ያስተናግዳል። ዐዋቂ ሰው ይህን አይቶ «የዓለም ነገር» ብሎ ያልፋል። ልጅ ግን ያየውን ይዞ ያድጋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸኛው ነው።

ላም አለኝ በሰማይ

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስለኛል። ዛሬ ብዙ ሰው ገዛሁት የሚለው ጌም፣ ፊልም፣ መጽሐፍና ሶፍትዌር ያለው ሰማይ ላይ ነው። ባለቤቱ ሌላ ነው፣ እኛ እንድናይ ይፈቀድልናል፣ ፈቃዱም በአንድ ወገን ፊርማ ይነሣል።

የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የሚባል የመኪና ውድድር ጌም እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣ። ሰው ብቻውን የሚጫወትበት ረጅም ክፍል አለው፣ ሆኖም በኢንተርኔት ከሚገናኘው ከኩባንያው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ውጭ እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። መጋቢት 31 ቀን 2024 (በእነሱ አቆጣጠር) ሰርቨሩ ተዘጋ። ሲዲውን ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠ ሰው ሳይቀር የያዘው ፕላስቲክ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ከገዢዎች አካውንት ላይ የጌሙን ፈቃድ አነሣ። በካሊፎርኒያ ሁለት ተጫዋቾች ሲከሱት የሰጠው መልስ፣ ድሮም የተሸጠላቸው የተገደበ የመጠቀሚያ ፈቃድ ነው የሚል ነበር።

ይህ የጌም ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ መጻሕፍቱን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን ሰዎች ገዝተው ኪንድል በተባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያቸው ላይ ያስቀመጧቸውን ሁለት ልብ ወለዶች ከርቀት ሆኖ አጠፋቸው። ያቀረባቸው ሻጭ መብቱ የለውም ተብሎ ነው። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ኃላፊውም ይቅርታ ጠየቁ፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት ብዙ አንባቢ እንዲህ መደረግ እንደሚቻል እንኳ አያውቅም ነበር። በ2019 ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ደግሞ የተሸጡት መጻሕፍት ሁሉ አብረው መከፈት አቆሙ። እዚያም ገንዘቡ ተመልሷል። ግን አስቡት፤ አልጋ የሠራላችሁ አናጢ ሱቁን ስለዘጋ ብቻ ሌሊት ቤታችሁ ገብቶ፣ ብሩን ራስጌ አስቀምጦ፣ አልጋውን ይዞ ቢሄድ ሌባ አይደለም ትላላችሁ?

ኩባንያዎቹም መከራከሪያ አላቸው፣ ሁሉም ውሸት አይደለም። ሰርቨር ያለ ወጪ አይሠራም። በመኪና ጌም ውስጥ ያሉት መኪኖችና ሙዚቃዎች የሌላ ባለመብት ናቸው፣ ውሉ ያልቃል። የአካውንት መቆለፍም ቢሆን በተሰረቀ ካርድ የሚገዙ ሰዎችን ለመያዝ የመጣ ነገር ነው፤ እኔ ራሴ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ አካውንት ሊሸጥላቸው የነበሩ ልጆች ሱቄ መጥተው አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው፣ ጥርጣሬው ሲነሣም ሆነ ንግዱ ሲዘጋ ሸክሙን ሁልጊዜ የሚሸከመው ገዢው መሆኑን ነው። ኩባንያው ሲጠረጥር ከሳሹ እሱ፣ ዳኛው እሱ፣ አስፈጻሚውም እሱ ነው። እህታችን ካርዱ የራሷ መሆኑን አረጋግጣለች። የተቆለፈባት ምክንያት ግን ካርዱ መሆኑ ቀርቶ የእህቷ ልጅ የሚኖርበት አገር ሆነ።

ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ አገር

እዚህ ላይ የእኛ ነገር ከአውሮፓውያኑ ቅሬታ ይለያል። እነሱ ደንበኛ ሆነው ነው የሚበደሉት። እኛ ገና ደንበኛ አልሆንንም።

ማንም ኢትዮጵያዊ ወጣት ያውቀዋል። አካውንት ስትከፍት አገር ምረጥ ይልሃል። ዝርዝሩን ወደ ታች ትወርዳለህ፣ ኢስቶኒያ አለ፣ ኢትዮጵያ የለም። አገሩ ቢገኝ እንኳ ካርድ ይጠይቃል፣ ብር ደግሞ እዚያ አይሠራም። ስለዚህ ሁላችንም በሰው በር ነው የምንገባው፤ በዱባይ ዘመድ፣ በአሜሪካ እህት፣ ቴሌግራም ላይ በሚሸጥ የስጦታ ካርድ። የገባንበት በር የእኛ ስላልሆነ ሲዘጋብን «ለምን?» ማለት እንኳ እናፍራለን።

እ.ኤ.አ. በ2024 «ሄልዳይቨርስ 2» በተባለው ጌም ላይ የሆነውን ብዙ ተጫዋች ያስታውሳል። ጌሙ በየካቲት በኮምፒውተር ለዓለም ሁሉ ተሸጠ። በግንቦት መግቢያ የጌሙ አሳታሚ ሶኒ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ተጫዋች የሶኒን የጌም አገልግሎት፣ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክን አካውንት ማገናኘት አለበት አለ። ኔትወርኩ የማይሠራባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች አሉ፣ የእኛም አንዱ ነው። እነዚህ አገሮች ውስጥ ጌሙን በሐቅ የገዛ ሰው በአንድ ማስታወቂያ ከውጭ ቀረ፤ ሽያጩም በእነዚያ አገሮች ተዘጋ። ተጫዋቾች ከ200 ሺህ በላይ አሉታዊ አስተያየት በቀናት ውስጥ ሲያወርዱበት ሶኒ ትእዛዙን ሻረ። ጩኸቱ የመጣው በአብዛኛው አካውንቱን በቀላሉ መክፈት ከሚችሉ አገሮች ነው። ላልተቆጠረው ሰው የተቆጠሩት ሰዎች ጮኹለት፣ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሆኖም ትእዛዙ ከተሻረ በኋላም በእነዚያ አገሮች የተዘጋው ሽያጭ ወዲያው አልተከፈተም።

በሥራ ሶፍትዌር ላይ ሲመጣ ደግሞ ጉዳዩ የእንጀራ ይሆናል። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ፎቶሾፕንና መሰሎቹን አንድ ጊዜ ከፍሎ የራስ ማድረግን አስቀርቶ ሁሉንም በየወሩ ወደሚከፈል ኪራይ አዞረው። በጥቅምት 2019 በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ምክንያት የቬንዙዌላ ደንበኞችን አካውንት በሙሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በመጀመሪያ ገንዘብም አልመልስም ብሎ ነበር። ኋላ ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ ቀጠለ እንጂ፣ ለሳምንታት የካራካስ ፎቶ አንሺና ዲዛይነር ሁሉ በስጋት ሰነበተ። ይህን ሳነብ የሀዋሳ ፎቶ ቤቶች ናቸው ዓይኔ ላይ የመጡት። የጥር ሠርግ ሲደርስ እኔ ጋ ከሚመጡት ኮምፒውተሮች ስንቱ ላይ ያለው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የፎቶሾፕ ዕትም፣ ሲኤስ 6 ነው፤ ያም ክራክ። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ኪራይ ለእነሱ ጭራሽ በር አልባ ቤት ነው። ይክፈሉ ብትላቸውስ በምን?

ስለ ክራክ በግልጽ ላውራ

በዚህች ከተማ ክራክ ያልነካ ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ ብሎ የሚምል ሰው ካለ አላውቀውም። ዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስረክብበት ሰሞን ተማሪው ተሰልፎ ይመጣል፦ «ፎርማት አድርግልኝ፣ ኦፊስ ጫንልኝ፣ አክቲቬት ይሁን።» ሥራው እንዲህ ነው። ስለዚህ ስለ ክራክ የምለውን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

የሰፈሩ ልጅ «እሱ አይቆለፍም» ሲል እውነቱን ነው። ግን ክራክ ሌላ ነገር ይቆልፋል፣ አፋችንን። እ.ኤ.አ. በ1998 ቢል ጌትስ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ሲናገሩ ስለ ቻይና የተናገሩት ነገር አለ። ሰዎቹ ለሶፍትዌር አይከፍሉም፣ አንድ ቀን ግን ይከፍላሉ፤ መስረቃቸው ካልቀረ የእኛን ቢሰርቁ እንመርጣለን፤ ይለምዱታል፣ ከዚያ እንዴት እንደምናስከፍላቸው እንደርስበታለን የሚል ነው ሐሳቡ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ክራክ ኩባንያውን መበቀያ ነው የሚለው የሰፈር ወሬ አይገባኝም። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ የሚያውቀው የእነሱን ብቻ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም የሚገዛው እሱ የሚያውቀውን ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን፣ ሰርቆ የሚጠቀም ሰው መብት አይጠይቅም። የሀዋሳ ሕዝብ በሶፍትዌር ኩባንያ ላይ አንድ አቤቱታ ጽፎ የማያውቀው ተበድሎ ስለማያውቅ አይደለም፤ «አንተ መቼ ከፈልክና?» እንዳይባል ነው።

ለዚህ ነው የእህታችን ጉዳይ ለእኔ ትልቅ የሆነብኝ። ለአንድ ጊዜ እንኳ በቤታችን ውስጥ የከፈለ ሰው አለ። ደረሰኝ አለ። ክራኩን ጭኜለት ልጁ ቢጫወት፣ ሁሉም ደስ ብሎት ነገሩ በዚያው ይቀበር ነበር።

የአገራችንን ሕግ ደግሞ ሄጄ አገላበጥኩ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት ከደራሲው ሳያስፈቅድ አንድ መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ የያዘው ቅጂ ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ለአገልግሎት የማይውል ቢሆን እንዲተካበት። ይህን ሳነብ ልቤ ሞቀ። አሁን ልጁ ጋ ካለው በላይ ለአገልግሎት የማይውል ምን አለ? ግን አንቀጹ የሚጠብቀው የቅጂው ሕጋዊ ባለቤት የሆነን ሰው ነው። የኩባንያው ውል ደግሞ ከመጀመሪያው ገጹ ጀምሮ የሚለው አንተ የቅጂ ባለቤት አይደለህም፣ ባለፈቃድ ነህ ነው። አዋጁ ሲወጣ ሶፍትዌር በሲዲ ነበር የሚመጣው፤ መርካቶ ተገዝቶ በኪስ የሚያዝ ነገር ነበር። ሕጉ እጅ ላይ ያለን ዕቃ ያውቃል። እነሱ ዕቃውን ከእጃችን ላይ አንሥተው ሕጉ ብቻውን እንዲቆም አደረጉት።

ይቻላል ወይ?

«ቴክኖሎጂው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ቴክኖሎጂው እንዲህ አይደለም። የፖላንዱ ጂኦጂ ከ2008 ጀምሮ ቁልፍ የሌለባቸውን ጌሞች ይሸጣል፤ መጫኛውን አውርደህ ፍላሽ ላይ ካስቀመጥከው ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ፣ ሻጩ ኖረ አልኖረ ይሠራል። ሰውም ይገዛዋል። ኩባንያውም አልሞተም።

ከእኛው ቤት ደግሞ የፊደላችን ታሪክ አለ። አንድ የእድር ጸሐፊ በፍላሽ መተዳደሪያ ደንባቸውን ይዘውልኝ መጡ። ከሃያ ዓመት በፊት በአንድ የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌር የተጻፈ ነው። ስከፍተው ገጹን የሞላው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ያኔ እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር ፊደላቱን በላቲን ቁጥሮች ላይ በራሱ አሰላለፍ ያስቀምጥ ስለነበር፣ የዚያ ሶፍትዌር ፎንት ከሌለህ የራስህ አማርኛ አይነበብልህም። እሳቸው ጽሑፉ የእድሩ ነው ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ ማንበቢያው ግን የሌላ ነበር። በመቀየሪያ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከ1999 ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ይህ ችግር መድኃኒት አለው፤ በዚያ ዓመት በወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ «ሀ» 1200 የሚል የራሷን ቁጥር አገኘች፣ ከሷ በኋላ ያሉትም ተሰለፉ። ያ ቁጥር የማንም ሻጭ አይደለም። ስለዚህም ዛሬ በስልክ የጻፍነው አማርኛ በየትኛውም መሣሪያ ይነበባል። አንድ ነገር የጋራ ሆኖ ከተሠራ ማንም ጠዋት ተነሥቶ አይቆልፈውም።

በተቃራኒው የሚሄደው መንገድም እየሰፋ ነው። ጥቅምት 14 ቀን 2025 (እንደ እነሱ አቆጣጠር) ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቆመ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚፈልግ ሱቄ የሚመጡት አብዛኞቹ ላፕቶፖች አይቀበሉትም። ኪቦርዱ ደህና፣ ስክሪኑ ደህና፣ ወላጅ ዕቁብ አውጥቶ የገዛው። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ እጭንላቸዋለሁ፣ የሚለምዱት አሉ፣ ተመልሰው የሚመጡም አሉ። ጉግልም በነሐሴ 2025 ማንነቱን እሱ ዘንድ ካላስመዘገበ አልሚ የመጣ መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ በቀላሉ እንዳይጫን እንደሚያደርግ አስታወቀ፤ ከመስከረም 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀምራል ተባለ። ተቃውሞ ሲበዛ ለሚያውቁ ሰዎች መንገድ እተዋለሁ ብሏል። እዚህ መተግበሪያ የሚዘዋወረው በዜንደርና በቴሌግራም ነው፤ ዳታ ውድ ነው፣ አንዱ አውርዶ ለአሥሩ ያካፍላል። ስልኩ የማን እንደሆነ የሚወስነው ሰው ይህን ሕይወት አያውቀውም።

አቤቱታው

አውሮፓ ውስጥ «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የተባለው እንቅስቃሴ የተጀመረው በዚያው በዘ ክሩ ምክንያት በ2024 ነው። የጠየቁት ነገር መጠኑን የጠበቀ ነው። ሰርቨሩን ለዘላለም አቆዩልን አላሉም። ድጋፉን ስታቆሙ የሸጣችሁልንን ጌም መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ተዉልን ነው ያሉት። በ2025 ክረምት ለአውሮፓ ኮሚሽን የሚቀርበው ፊርማ ከ1 ሚሊዮን አለፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ማለት እንዲህ ነው። ካሊፎርኒያም ከጥር 2025 ጀምሮ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። መንገር ጥሩ ነው። የተነገረው ሰው ግን ከመቆለፍ አልዳነም።

እኛ አውሮፓ ውስጥ ፊርማ የለንም። ያለን አንድ ሜሪላንድ የምትኖር እህት፣ አንድ ክምር ደረሰኝና አንድ የተናደደ ልጅ ነው። ለልጁ ጥያቄ የሰጠሁት መልስ «አዎ፣ በዚህ ጉዳይ የተቀጣው የከፈለው ነው። ያ ልክ አይደለም፣ ልክ እንዲሆን ደግሞ ዝም አንልም» የሚል ነው። ክራኩን ያልጫንኩለትም ለዚህ እንደሆነ ነገርኩት። ኃጢአት ይሆንብሃል አላልኩትም፤ አክስቱ የከፈለችበትን ነገር ቢጫወት ሌባ ነው ብዬ አላምንም። ግን ዛሬ በጓሮ ከገባን ነገ በዋናው በር ቆመን መናገር አንችልም። ጥቂት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ራሱ መጥቶ «ምን እንጻፍ?» አለኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ በግዛቲቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሥር የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለ፤ ነዋሪ በሻጭ ላይ አቤቱታ ሲያቀርብ ተቀብሎ ለማሸማገል ይሞክራል። እህቴ ይህን ስትሰማ «በል እንዲህ በለኝ፣ ሽማግሌ አለ ማለት ነው» አለች። ታላቅ እህታችን በስሟ አመለከተች። የደረሰኞቹን ዝርዝር ልጁ አዘጋጀ፣ የተገዛበትን ቀንና የጌሙን ስም እያስተካከለ፤ እንግሊዝኛውን እኔ አረምኩ። «የሚጠይቁት መፍትሔ» በሚለው ቦታ ላይ ስንነጋገር ታላቅ እህታችን ገንዘቡ ይመለስልኝ እንበል አለች፣ ልጁ ግን እምቢ አለ። ገንዘቡ ሲመለስ እነሱ ይገላገላሉ፣ ጌሞቹ ግን እንደተቆለፉ ይቀራሉ አለ። ስለዚህ የተከፈለባቸው ጌሞች በሙሉ ያለ አካውንትና ያለ ኢንተርኔት የሚጫኑበት ፋይል ይሰጠን፣ ይህ የማይቻልባቸው ካሉ ደግሞ ምክንያቱ ለእያንዳንዱ ጌም ተለይቶ፣ ስሙና ኃላፊነቱ በተጻፈ ሰው ፊርማ ይሰጠን ብለን ጽፈን ላክን።